ከክራኮው ተነሥቶ አውሽዊትዝን በአንድ ቀን መጎብኘት፦ ከቀጠሮው እስከ መልሱ

በፖላንድ፣ በክራኮው ከተማ አቅራቢያ ያለውና ዛሬ ሙዚየም የሆነው የናዚ ጀርመን የእስርና የግድያ ካምፕ አውሽዊትዝ አንድ ግቢ ይመስለው የነበረ ሰው ቀኑ ሲጋመስ ይደናገጣል። ቦታው ሁለት ነው። አውሽዊትዝ አንድ የሚባለው ቀድሞ የፖላንድ ጦር ሰፈር የነበረ፣ በቀይ ሸክላ ጡብ የተሠሩ ሕንፃዎች የተደረደሩበት፣ 20 ሄክታር ገደማ የሆነ ግቢ ነው። ቢርከናው ደግሞ ከእሱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 170 ሄክታር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በሺዎች እየታፈሱ በባቡር የመጡት ሰዎች በብዛት የተገደሉት በዚህ በሁለተኛው ነው። የቀን ጉብኝት የሚሸጡ ድርጅቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግቢ ሁለት ሰዓት ቆይተው ሁለተኛውን ያጣድፉታል። ስለዚህ ጉብኝት ስትመርጡም፣ ሰዓት ስትይዙም፣ ጫማ ስትመርጡም አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ምረጡ፦ ለቢርከናው ስንት ሰዓት ይተርፈኛል?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሄድ በፊት ይህችን ያህል እወቁ

አስጎብኚው ብዙ ነገር በአጭር ጊዜ ስለሚናገር መሠረቱን ቀድሞ የያዘ ሰው ይጠቀማል። ካምፑ የተከፈተው ጀርመኖች በያዟት ፖላንድ፣ ኦሽቪየንቺም በተባለች ከተማ ነው፤ አውሽዊትዝ ጀርመኖች ለከተማዋ የሰጧት ስም ነው። ጁን 14 ቀን 1940 ከታርኑፍ ከተማ 728 የፖላንድ የፖለቲካ እስረኞች መጡ። እስከ 1945 ድረስ ቢያንስ 1.3 ሚሊዮን ሰው ወደዚያ ተጋዘ፤ 1.1 ሚሊዮን ያህሉ ሞተ። ከሟቾቹ 1 ሚሊዮን ያህሉ አይሁድ ናቸው። ከ70 ሺህ በላይ ፖላንዳውያን፣ 21 ሺህ ያህል ሮማዎች (ጂፕሲ ሲባሉ የኖሩት)፣ ከ14 ሺህ በላይ የሶቪየት ጦር ምርኮኞችም አልቀዋል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 የሶቪየት ጦር ሲደርስ በሕይወት ያገኘው 7 ሺህ ገደማ እስረኛ ነበር፤ ሌሎቹን ኤስኤስ የተባለው የናዚ ታጣቂ ኃይል ከዚያ ቀደም ብሎ በበረዶ ላይ በእግር ነድቷቸዋል።

የአስጎብኚው ድምፅ በሚሰማበት ማዳመጫ ደጋግመው የሚመጡ አራት ቃላት አሉ። «ሴሌክሲዮን» ከባቡር የወረዱትን ለሥራና ለሞት መለየት ነው። «ካፖ» በእስረኞች ላይ የተሾመ እስረኛ ነው። «ዞንደርኮማንዶ» ሬሳ እንዲያወጡና እንዲያቃጥሉ የተገደዱ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ እስረኞች ቡድን ነው። «ካናዳ» የሚባለው ከሟቾች የተዘረፈ ንብረት የሚለይበት መጋዘን ነው፤ እስረኞቹ ያን ስም የሰጡት ካናዳን የሀብት አገር አድርገው ስለሚያስቡ ነበር። እነዚህን የሚያውቅ ሰው አስጎብኚውን ለመከተል አይቸገርም።

1. የጉብኝቱን ዓይነት መምረጥ

መንገዱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ከክራኮው የሚነሣ የድርጅት ጉብኝት ነው። በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ይወስዷችኋል፣ ትኬቱን ይይዙላችኋል፣ ይመልሷችኋል፤ ጠቅላላው 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው ይህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር በጽሑፍ አረጋግጡ፦ የሙዚየሙ አስጎብኚ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል ወይ? በየትኛው ቋንቋ? በቢርከናው የሚቆየው ስንት ደቂቃ ነው? አንዳንድ ርካሽ ጉብኝቶች «በመመሪያ መጽሐፍ» የሚል ቃል በጥቃቅን ፊደል ይጽፋሉ። ያ ማለት ትንሽ መጽሐፍ ይሰጧችሁና ብቻችሁን ትዞራላችሁ ማለት ነው። ዋጋው የወረደበት ምክንያት ይኸው ነው።

«ወረፋ የሌለው መግቢያ» የሚለውም ማስታወቂያ ከትኬት ሰልፍ ያድን እንደሆነ እንጂ ከፍተሻው ሰልፍ አያድንም። ፍተሻውን ሁሉም ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ በቀጥታ በሙዚየሙ የቀጠሮ ድረ ገጽ አስጎብኚ ያለው ጉብኝት መያዝና በራስ መሄድ ነው። የተለመደው አጠቃላይ ጉብኝት 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ 6 ሰዓት የሚፈጀው የጥናት ጉብኝትም አለ። እንግሊዝኛ ወይም ጀርመንኛ አጥርቶ ለሚሰማ፣ እግሩም ለሚችል ሰው የ6 ሰዓቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቢርከናው ተገቢ ጊዜ የሚያገኘው በዚያ ነው።

ሦስተኛው ያለ አስጎብኚ መግባት ነው። ግቢውን ለመግባት ክፍያ የለም፤ የሚከፈለው ለአስጎብኚው ነው። ነገር ግን በነጻ ለሚገቡ ግለሰቦች የሚለቀቀው ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚተርፈው የማይመቸው ሰዓት ነው። በዚያ ላይ በሕንፃዎቹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በባዶ ጡብ መካከል ተዘዋውሮ ይመለሳል። ለሁለተኛ ጊዜ ለሚሄድ ግን ጥሩ ነው።

አውሽዊትዝንና የዊየሊችካን የጨው ማዕድን በአንድ ቀን አጣምረው የሚሸጡም አሉ። ቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ይሆናል፣ ከቢርከናው ላይ ደቂቃ ይቀነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ትወርዳላችሁ። አትግዙት። ጨዉ በማግሥቱ ይጠብቃችኋል።

2. ቋንቋ

ሙዚየሙ በብዙ ቋንቋዎች ያስጎበኛል፤ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዕብራይስጥ ሁሉ አለ፤ አማርኛ የለም። ጀርመን አገር የሚኖር ከጀርመንኛው ቡድን፣ ከእስራኤል የመጣ ከዕብራይስጡ ቡድን ቢገባ ይሻለዋል። መለኪያው ማንበብ አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ተኩል በማዳመጫ እያዳመጡ መሄድ መቻል ነው። የእንግሊዝኛው ቡድን ሁልጊዜ ቶሎ ስለሚሞላ ሌላ ቋንቋ መቻል ቀጠሮ ለማግኘትም ይረዳል።

የውጭ ቋንቋ የማይሰሙ እናትና አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከተቀላቀለ ቡድን ጋር አታስገቧቸው። በጆሯቸው እያንሾካሾኩ ማስተርጎም ሌላውን ይረብሻል፤ እናንተም ግማሹ ያመልጣችኋል። ስድስት ሰባት ሰው ከሆናችሁ ለራሳችሁ ብቻ አስጎብኚ አስይዙ፤ ስታስይዙም ተራ በተራ እንደምታስተረጉሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ዋጋው እንደሚፈራው አይደለም።

3. ቀን፣ ሰዓትና ስም

ብዙ የአገራችን ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ90 ቀን በፊት ይከፈታል። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ወቅት ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይያዝ። ሙዚየሙ ጃንዋሪ 1፣ ዲሴምበር 25 እና በእነሱ የፋሲካ እሑድ ዝግ ነው። ፋሲካቸው ከእኛ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ስለሆነ ቀኑን በእነሱ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ጃንዋሪ 27 የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ስለሚካሄድ ጉብኝት ይገደባል።

የሰዓት አቆጣጠሩን አስተውሉ። ትኬት ላይ 09:30 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 3:30 ነው። 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል፤ ግን አንዱ ስልኩን በእኛ አቆጣጠር እያነበበ ለሌላው በቃል «ሦስት ተኩል» ሲል፣ ውጭ የኖረው ደግሞ ከቀትር በኋላ 3:30 አድርጎ ሲሰማ ቡድን ይበተናል። ለቤተሰቡ በምትልኩት መልእክት ሁለቱንም ጻፉ፦ «09:30፣ በእኛ ጠዋት 3:30»።

ግቢው የሚከፈተው በ07:30 (ጠዋት 1:30) ነው። የመጨረሻው መግቢያ እንደ ወሩ ይለያያል፤ በዲሴምበር 14:00 (ከቀኑ 8 ሰዓት) ሲሆን ከጁን እስከ ኦገስት 19:00 (ከምሽቱ 1 ሰዓት) ይደርሳል። በክረምታቸው የከሰዓት ጉብኝት የያዘ ሰው ቢርከናውን በጨለማ ያያል፤ ሜዳው ላይ መብራት እንዳትጠብቁ። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ የጠዋቱን ያዙ።

ድርጅቶች የመነሻውን ትክክለኛ ሰዓት የሚያሳውቁት ብዙ ጊዜ በዋዜማው ነው፤ ሙዚየሙ በሚሰጣቸው ሰዓት ስለሚወሰን ንጋት ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቀን አውሮፕላን ወይም ባቡር አትያዙ፤ በዋዜማውም ማታ ኢሜይላችሁን ሳታዩ አትተኙ።

ስም። የመግቢያ ካርዱ በስም የሚሰጥ ነው፤ በር ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ በአንድ መልክ የተከፈለው ስም በጀርመን ወይም በጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ላይ በሌላ መልክ ተከፍሎ ሊገኝ ይችላል። የላቲኑ አጻጻፍም እንዲሁ አንድ ፊደል ጨምሮ ወይም ቀንሶ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዕለቱ የምትይዙትን አንድ ሰነድ ምረጡ፣ ከእሱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ በዕለቱም ያንኑ ሰነድ ይዛችሁ ሂዱ። የልጆችንም እንደዚሁ። ስም ተሳስቶ ከሆነ በር ላይ ከመከራከር ለድርጅቱ በቶሎ ጽፎ ማስለወጥ ይሻላል።

ፖላንድ ሸንገን በተባለው፣ በመካከላቸው ያለ ቪዛ በሚዘዋወሩት የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ ናት። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የጸና ፓስፖርቱን (ስደተኛ ከሆነ የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን) ከፈቃዱ ጋር ይዞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ መግባት ይችላል። ውሳኔ የሚጠብቅ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ግን ድንበር ለመሻገር አያገለግልም። በመንገድ ላይ ፍተሻ ስለሚያጋጥም ዋናውን ሰነድ እንጂ በስልክ የተነሣ ፎቶ አትያዙ።

4. ዕቃ፣ ልብስ፣ ምግብ

ቦርሳ፦ ወደ ግቢው የሚገባው ከ35 በ25 በ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ልጅ የሚሸከመው የተለመደ የጀርባ ቦርሳ ከዚህ ይበልጣል። በድርጅት አውቶቡስ የመጣችሁ ቦርሳውን አውቶቡስ ላይ ተዉት፤ በራሳችሁ የመጣችሁ በክፍያ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ ግን ሰልፉ ደቂቃ ይበላል። ከናንተ ጋር የሚገባው ሰነድ፣ ስልክ፣ ውኃ፣ መድኃኒት፣ መሐረብ ብቻ ይሁን።

ጫማ፦ በሁለቱ ግቢዎች ተደምሮ ብዙ ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። መሬቱ ጠጠር፣ የተሰባበረ ጡብና የባቡር ሐዲድ ድንጋይ ነው። በአውሽዊትዝ አንድ ያሉት የሕንፃ ደረጃዎች በሚሊዮን በሚቆጠር ጎብኚ እግር ተፍቀው መሐላቸው ጎድጉዷል፤ ዝናብ ሲሆን ያንሸራትታሉ። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ የሚይዝ ጫማ አድርጉ።

ልብስ፦ ቢርከናው ላይ ነፋሱን የሚከልል ነገር የለም። ከክራኮው ይልቅ እዚያ ይበርዳል ብላችሁ ልበሱ፤ በክረምት ጓንትና ወፍራም ካልሲ ከካፖርቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቆሞ ማዳመጥ ከመሄድ ይበልጥ ያቀዘቅዛል። በጁላይ ደግሞ ጥላ ስለሌለ ባርኔጣ ያስፈልጋል። አለባበሱ የለቅሶ ቤት ያህል ቁጥብ ይሁን፤ ጥቁር መልበስ ግን ግዴታ አይደለም።

ምግብ፦ በግቢው ውስጥ አይበላም። ቁርስ ሳትበሉ ከወጣችሁ እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። አንዳንድ ድርጅቶች ሳንድዊች ያለበት የምሳ ሣጥን ይሸጣሉ፤ ውስጡ ካም ወይም አይብ መሆኑ የተለመደ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወራት የሚሄድ ሰው «ቬጋን» ብሎ ይዘዝ፤ «ቬጀቴሪያን» ካለ አይብና እንቁላል ያመጡለታል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት የሚጀምረውን ጉብኝት ቢይዝ ይመከራል፤ በባዶ ሆድ በቢርከናው ሜዳ ላይ በሙቀት መቆም ሰው ይጥላል።

5. መንገዱ

ከክራኮው ወደ ኦሽቪየንቺም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በድርጅት ከሆነ መገናኛው ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ፤ አውቶቡሱ የሙዚየም ሰዓት ስላለበት ማንንም አይጠብቅም። አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ዘጋቢ ፊልም ያሳያሉ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

በራሳቸው ለሚሄዱ አውቶቡሱ የሚነሣው ከክራኮው ዋና ባቡር ጣቢያ ጀርባ ካለው መናኸሪያ ነው። «ሙዚየም» ጋ የሚቆመውን ያዙ፤ ከተማው መሐል ብቻ የሚያደርሱም አሉ። በባቡር የሄደ ከኦሽቪየንቺም ጣቢያ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ይጠብቀዋል። የመልስ አውቶቡሶች የመጨረሻ ሰዓት ስንት እንደሆነ ሳትወርዱ ፎቶ አንሡት።

ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በፊት በጎብኚዎች መቀበያው ተገኙ፤ በበጋቸው 45 ይሁን። ፍተሻው የአውሮፕላን ማረፊያ ዓይነት ነው። የዘገየ ሰው ቡድኑ ገብቶበት ይቀራል፤ ለሌላ ቡድን መዛወሩ ቦታ ካለ ብቻ ነው። ከፍተሻው በኋላ ማዳመጫ ይሰጣችኋል። እዚያው ሞክሩት፦ ድምፁ ካልመጣ ወይም የሌላ ቡድን ቋንቋ ከመጣ የቻነሉን ቁጥር ለማስተካከል ጊዜው ያን ሰዓት ነው። ከዚያ በሲሚንቶ ግድግዳ መካከል ባለ መተላለፊያ ትሄዳላችሁ፤ የሟቾች ስም በድምፅ ይነበባል። እዚያ ስልክ አታውሩ።

6. አውሽዊትዝ አንድ

በሩ ላይ «ሥራ ነጻ ያወጣል» የሚለው የጀርመንኛ የብረት ጽሑፍ አለ። ዋናው በዲሴምበር 2009 ተሰርቆ ከቀናት በኋላ ተቆራርጦ ተገኝቷል፤ አሁን የምታዩት ቅጂውን ነው። ሁሉም ቆሞ ፎቶ ስለሚያነሣ እዚህ ሰው ይጨናነቃል፤ ፎቶ ለማንሣት ወደ ኋላ የቀረ ሰው ከማዳመጫው ርቀት ይወጣና ድምፁ ይቋረጥበታል።

የተለመደው ዙር ብሎክ ከሚባሉት ባለ ቁጥር ሕንፃዎች 4ን፣ 5ን፣ 6ን እና 11ን ይነካል። ብሎክ 4 ሰዎች ከየት ከየት እንደተጋዙ የሚያሳይ ካርታ፣ ዚክሎን ቢ የተባለው መርዝ የመጣበት ቆርቆሮና የሴቶች ፀጉር ክምር አለበት፤ ፀጉሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ፎቶ ፈጽሞ አይነሣም። ብሎክ 5 ጫማው፣ መነጽሩ፣ የሰው ሠራሽ እግሩና ባለቤቶቹ ስማቸውን በትልቁ የጻፉባቸው ሻንጣዎች ናቸው። አስጎብኚው ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ ሻንጣዎቹ ላይ ያሉትን ስሞችና የትውልድ ዓመቶች አንብቡ፤ የተጻፉት ሻንጣው እንዲመለስ ታስቦ ነው። ብሎክ 6 ኮሪደሩ ላይ የእስረኞች ፎቶ ተደርድሯል፤ የመጡበትና የሞቱበት ቀን ከሥር ተጽፏል። የሁለቱን ቀን ልዩነት አስሉት፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ብሎክ 11 የእስር ቤቱ እስር ቤት ነበር። በ1941 ሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ ላይ ዚክሎን ቢ በብዙ ሰው ላይ የተሞከረው በዚህ ምድር ቤት ነው። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆኑና አራት ሰው ቆሞ የሚያድርባቸው ክፍሎችም፣ ፖላንዳዊው ቄስ ማክሲሚሊያን ኮልቤ በ1941 በሌላ እስረኛ ፈንታ ገብተው የሞቱባት ክፍል 18ም እዚያው ናቸው። መተላለፊያው ጠባብና ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ጭንቅ የሚይዘው ሰው ከመውረዱ በፊት ለአስጎብኚው ይንገር፤ ውጭ መጠበቅ ይቻላል። በምድር ቤቱም ፎቶ ክልክል ነው። ከጎኑ ያለው አጥር ግቢ የመረሸኛው ግድግዳ ያለበት ነው፤ እዚያ አስጎብኚዎችም ዝም ይላሉ።

ዙሩ የሚያልቀው በመጀመሪያው የመርዝ ጋዝ ክፍልና የሬሳ ማቃጠያ ነው። ሕንፃው ከጦርነቱ በኋላ በከፊል ወደ ቀድሞ ሁኔታው ተመልሷል፤ ሙዚየሙም ይህን አይደብቅም። ውስጥ መናገር አይፈቀድም። አጠገቡ የካምፑ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ ኤፕሪል 16 ቀን 1947 የተሰቀለበት መስቀያ አለ።

ብሎክ 27 ያድ ቫሼም በተባለው የእስራኤል መታሰቢያ ተቋም የተዘጋጀ፣ ስለ ሆሎኮስት (ናዚዎች አይሁድን ስለ ጨፈጨፉበት ዘመቻ) የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ነው፤ መጨረሻው ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሟቾች ስም የታተመበት ትልቅ መጽሐፍ አለ። አጠቃላዩ ጉብኝት ሁልጊዜ አይነካውም። ጊዜ ያለው ሰው በኋላ ብቻውን ቢመለስበት ይገባል።

7. በሁለቱ መካከል

10 ወይም 15 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ መጸዳጃ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ መጽሐፍ መሸጫው ከተረፈ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርግና አውቶቡሱ ያመልጠዋል። በራሳቸው የመጡትን በሁለቱ ግቢዎች መካከል የሚመላለስ ነጻ አውቶቡስ ያደርሳቸዋል። በድርጅት የመጣችሁ የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አንሡ፤ ማቆሚያው ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ሚኒባስ በብዛት ይቆማል።

8. ቢርከናው

ባቡሩ የሚገባበትን በር አልፋችሁ ቀጥ ስትሉ ሐዲዱ እስከ መታሰቢያው ሐውልት ድረስ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ሐዲድ ወደ ውስጥ የገባው በ1944 የሃንጋሪ አይሁዶች ሊጋዙ ሲሉ ነው፤ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ስምንት ሳምንታት ገደማ ከ400 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ወረደ። አብዛኛው በዚያው ቀን ተገደለ። በመሐል አንድ የዕቃ ባቡር ፉርጎ ቆሟል። እዚያ ላይ ቁሙና ወደ ግራና ቀኝ ተመልከቱ፦ በግራ የጡብ፣ በቀኝ የእንጨት ቤቶች። በቀኝ አብዛኛው ፈርሶ የጭስ ማውጫው ብቻ በረድፍ ቀርቷል፤ እንጨቱ ከጦርነቱ በኋላ ተወስዷል። የእንጨቶቹ ቤቶች በመሠረቱ ለ52 ፈረስ የተነደፉ ጋጣዎች ነበሩ፤ 400 ሰውና ከዚያ በላይ ታጭቆባቸዋል።

በመጨረሻው ላይ ሁለት የፈረሱ ሕንፃዎች አሉ፤ የመርዝ ጋዝ ክፍልና ማቃጠያ ቁጥር 2 እና 3 ናቸው። ያፈረሰው ራሱ ኤስኤስ ነው፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1945 ማስረጃ ለማጥፋት በፈንጂ አፈረሳቸው። ቁጥር 4 ግን የተቃጠለው ኦክቶበር 7 ቀን 1944 ዞንደርኮማንዶዎቹ ባመፁ ጊዜ ነው።

አብዛኛው ቡድን ከሐውልቱ ላይ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያም ሳይደርስ። እኛ የምንመክረው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በቀኝ በኩል ዛፎቹ ወዳሉበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሂዱ፦ እስረኞች የተመዘገቡበትና የተላጩበት «ሳውና» የተባለው ሕንፃ፣ የካናዳ መጋዘኖች መሠረት፣ የቁጥር 4 እና 5 ፍርስራሽ እዚያ ናቸው። ሳውናው ውስጥ ሟቾቹ ይዘዋቸው የመጧቸው የቤተሰብ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ሠርግ፣ ሕፃናት፣ የባሕር ዳር ሽርሽር። ሰዎቹን በሕይወት እያሉ የምታዩት በዚህ ክፍል ነው፤ ጎብኚው ግን ጥቂት ነው። ሲመለሱ ደግሞ የሮማ ቤተሰቦች የነበሩበት ክፍል አለ፤ ኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት በዚያ የቀሩት ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች በሙሉ ተገድለዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይጠይቃል። በድርጅት አውቶቡስ ለሚመለስ የማይሆን ነው፤ በራሱ የመጣ ሰው ግን አስጎብኚው ሲሰናበት ማዳመጫውን መልሶ መቆየት ይችላል። መቆየት ያሰበ የድርጅት ጎብኚ አውቶቡሱ ከመሄዱ በፊት «በራሴ እመለሳለሁ» ብሎ ለሹፌሩ ይንገር፤ ካልተናገረ 20 ሰው ሲጠብቀው ይቆያል።

9. የሚደረገውና የማይደረገው

ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሣት ከሁለቱ ክፍሎች (ከፀጉሩ ክፍልና ከብሎክ 11 ምድር ቤት) በስተቀር ይፈቀዳል። በሐዲዱ ላይ ሚዛን እየጠበቁ መራመድና ፎቶ መነሣት ግን ሙዚየሙ ራሱ በይፋ የተቃወመው ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ከመሬት ጠጠር ወይም ብረት አንሥቶ በኪስ መክተት በፖላንድ ሕግ ያስከስሳል፤ «ለመታሰቢያ ነው» ማለት አያድንም። ሲጋራና ድሮን ክልክል ነው። ጸሎት ማድረስ፣ አበባ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሻማ ግን በሕንፃ ውስጥ አይለኮስም።

ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ሙዚየሙ አይመክርም፤ አይከለክልምም። አሥር ዓመት የሆነውን ይዞ የሄደ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከብሎክ 4 በር ላይ ሲያባብል ይውላል። ልጁን ከአንድ ወላጅ ጋር ክራኮው አስቀርቶ ተራ በተራ መሄድ ይቻላል።

ጉልበት የሚያመው ሰው ለአውሽዊትዝ አንድ ደረጃዎች ይዘጋጅ፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር አይገቡም። ቢርከናው ሜዳ ስለሆነ ደረጃ ባይኖረውም መንገዱ ጎርባጣ ነው። ድካም ከመጣ ወደ ሐውልቱ ሳይሄዱ በበሩ አካባቢ መቅረት ነውር የለውም።

10. መልሱ

የጠዋቱ ጉብኝት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት አካባቢ ክራኮው ይመልሳችኋል። ለማታው ሆቴል ውስጥ የሚቆይ ነገር እንጂ ጭፈራ ቤት ቀጠሮ አትያዙ፤ ራስ ምታትና ዝምታ የተለመደ ነው። በክራኮው ፖድጉርዜ ሰፈር ያለውን፣ አይሁድ ሠራተኞቹን ከሞት ያዳነውን የጀርመናዊውን የሺንድለርን ፋብሪካ ሙዚየምና የጌቶውን (ናዚዎች አይሁድን አጥረው ያኖሩበትን ሰፈር) አደባባይ ለማየት የምታስቡ ለማግሥቱ አድርጉት፤ ለፋብሪካው ሙዚየምም ትኬት በበጋቸው ቀድሞ ስለሚያልቅ አውሽዊትዝን በያዛችሁ ዕለት አብራችሁ ያዙ።